ዘመድ ለባዕድ ቢሮጥ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ጐዳና ላይ ባዶ እግሩን ሮጦ የማራቶንን አክሊል ከተቀዳጀው ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ስማቸውን በፍቅር የምንጠራቸው ሯጮቻችን ሁሉ ብቻቸውን ደክመው ብቻቸውን ያሸነፉ ይመስለናል፤ ነገሩን ጠለቅ አድርጎ ለመረመረ ሰው ግን የኢትዮጵያ ሩጫ ብዙውን ጊዜ የቤተ ዘመድ ግብር ሆኖ ይገኛል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትርን ወርቅ በማግኘቷ ከጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች መካከል ለኦሊምፒክ ድል የመጀመሪያዋ የሆነችው ደራርቱ ቱሉ፣ ከአርሲ ከበቆጂ አካባቢ የበቀለች የእነእጅጋየሁ፣ የእነጥሩነሽና የእነገንዘቤ ዲባባ የቅርብ ዘመድ ናት። በ1996 ዓ.ም. በአቴና እጅጋየሁ በ10,000 ሜትር ብር፣ ደራርቱ በዚያው ርቀት ነሐስ፣ ጥሩነሽም በ5,000 ሜትር ነሐስ ባገኙ ጊዜ፣ የአንድ ቤተ ዘመድ ሦስት ሴቶች ከአንድ ኦሊምፒክ ሦስት ሜዳልያ ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ስለ ሜዳልያው ብዙ ተጽፏልና እርሱን ለሌሎች ልተወው። እኔ የምለው፣ ዘመዳሞች በአንድነት ተሰልፈው ማራቶንን የሚያህል ረጅም ጐዳና ቢሮጡ፣ ድካማቸውም ለራሳቸው ክብር ሳይሆን ለችግረኛ መርጃ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ቢሆን፣ ይህ ልማድ ከሁሉ አስቀድሞ ለጌዴኦ ሕዝብና ለዲላ ከተማ የተገባ ነው።

ሩጫን ለምጽዋት ማዋል የባዕድ አገር ሰዎች ፈሊጥ ነው የሚል ቢኖር፣ የዚህ ልማድ ታሪክ ከእኛው መከራ ጋራ የተሳሰረ መሆኑን ልብ ይበል። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ላይ የወረደው የረኀብ መቅሠፍት የዓለምን ሕዝብ ልብ ለርኅራኄ ካነሣሣ በኋላ፣ በግንቦት 1978 ዓ.ም. ኦማር ከሊፋ የተባለ ሱዳናዊ ሯጭ ከሱዳን ምድር የተለኰሰውን ችቦ ይዞ ኒውዮርክ ከሚገኘው ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደጃፍ ሲደርስ፣ በብዙ አገሮች በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው በአንድ ቀን 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ፣ በረኀብ ለተጠቃው የአፍሪካ ሕዝብ መርጃ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰበ። መልካችንን አይተው የማያውቁ ሰዎች ለእኛ ሮጡልን፤ ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላም ውለታው ገና አልተከፈለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የለንደን ማራቶን እስከ አሁን ድረስ ለበጎ አድራጎት ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ያስገኘ ሲሆን፣ በእኛም አገር በኃይሌ ገብረ ሥላሴ አነሣሽነት በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰዎች የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከሩጫው ጐን ለበጎ አድራጊ ማኅበራት ገንዘብ ሲያሰባስብ ቈይቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የአንድ አባትና የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ይኖር የነበረ ሪክ ሆይት የተባለ ወጣት፣ ከልደቱ ጀምሮ እጅና እግሩ የማይታዘዙለት፣ በአንደበቱም መናገር የማይችል ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በአደጋ ሰውነቱ ለደነዘዘ ለአንድ ስፖርተኛ መርጃ የስምንት ኪሎ ሜትር ሩጫ መዘጋጀቱን ሰምቶ እርሱም መካፈል እንደሚሻ በኮምፒዩተሩ አማካይነት ለአባቱ ገለጠ። አባቱ ዲክ ሆይትም ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋ ሮጠ፤ ከዚያች ቀን በኋላ እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ አባትና ልጅ የቦስተንን ማራቶን 32 ጊዜ በአንድነት ሮጡት። ለሜዳልያ በሚደረግ ውድድር ብርቱው ደካማውን ጥሎ ይሄዳል፤ ዘመዳሞች በሚሮጡት ሩጫ ግን የሁሉንም እርምጃ የሚወስነው ከሁሉ የደከመው ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የምእመናንን ሕይወት በሩጫ በመሰለበት ትምህርቱ ትዕግሥትን ማዘዙ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ስለዚህም ጭምር ነው።

ወደ ጌዴኦ እንመለስ። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ጐዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ዲላ የገባ መንገደኛ፣ ከዚያም በወናጎ አልፎ ወደ ይርጋ ጨፌ ሲወጣ የሚያየው ምድር፣ ረጃጅም ነባር ዛፎች ከላይ ጥላ የሚጥሉበት፣ እንሰትና ቡና ከሥሩ ተደጋግፈው የሚያድጉበት፣ በየመካከሉም የቀደሙ ሰዎች ያቆሟቸው ትክል ድንጋዮች የሚታዩበት ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ይህን መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው፣ የመዘገበው ዛፉንና ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን፣ በአባ ገዳዎችና በሶንጎ ሸንጎ የሚመራውን የሕዝቡን የአኗኗር ሥርዓት ጭምር ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነውና፣ የአንዱ ጓሮ ከወንድሙ ጓሮ፣ የወንድሙም ከአጎቱ ጓሮ ይዋሰናል፤ ዘመድ እዚያ በበዓል ቀን ብቻ የሚጠየቅ ሩቅ ነገር ሳይሆን ማለዳ ደጅ ሲከፈት የሚታይ ፊት ነው።

የዚህ ዝምድና ኀይል የተፈተነው በ2010 ዓ.ም. ነበር። በሚያዝያና በሰኔ ወር በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል፣ ስንቱ ቤተሰብ በሩን ከፍቶ ለራሱ የማትበቃውን ቆጮ ለመጡበት ዘመዶች አካፈለ! መዝጋቢ አልነበረም፤ ደረሰኝም የጠየቀ የለም። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ ዘመዱ ሁሉ አብሮት የተሰደደበት፣ የሚያንኳኳው በር ያጣ ሰው፣ ከነልጆቹ በትምህርት ቤት ወለል ላይ ወይም ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ ወደቀ። ዘመድ ለዘመዱ መድረሱ የተቀደሰ ነገር ሆኖ ሳለ፣ የዝምድና አጥር ባለቀበት ስፍራ ርኅራኄም አብሮ የሚያልቅ ከሆነ፣ በችግር ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የተራቈተው ሰው ከሁሉ ይልቅ የተረሳ ይሆናል። ፍቅረ ቢጽ የሚባለው ትእዛዝ የሚጀምረው የሥጋ ዝምድና ከሚያበቃበት ነው። ስለዚህ ዘመዳሞች በአንድ ስም ተሰልፈው ለማያውቁት ሰው እንዲሮጡ እለምናለሁ፤ ለራሳቸውማ ሳይለመኑም ይረዳዳሉ።

ሊሰጥ የወደደ ሳይሮጥም ይሰጣል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንድ ጊዜ ሰጥቶ ይረሳል። እህቱ በፀሐይ ስትሮጥ አይቶ ቃል የገባ ሰው ግን የሰጠው ለማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ከጠየቀም በኋላ ችግረኛውን በስሙ ያውቀዋል፤ ያወቁትን ሰው ደግሞ መርሳት አስቸጋሪ ነው።

ስለ አፈጻጸሙ የማስበውን ልናገር። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ይህም ከዲላ ተነሥቶ ይርጋ ጨፌን ጥቂት የሚያልፍ ርቀት ስለ ሆነ፣ ያን ዳገትና ቍልቍለት አንድ ሰው ብቻውን እንዲወጣው ማስገደድ ተገቢ አይሆንም። ሰባት ዘመዳሞች ስድስት ስድስት ኪሎ ሜትር ቢከፋፈሉት 42ቱ ይሞላል፤ የቀረችውን 195 ሜትር አያት ወይም ታላቅ አክስት ከዘመዶቿ ሁሉ ጋራ በእርምጃ ብትፈጽማት ከዚህ የበለጠ ክብር አይኖርም። ጊዜውም የቡናው ለቀማ አልቆ ገንዘብ በእጅ የሚገኝበት፣ ሰማዩም የሚጠራበት የጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ቢሆን መልካም ነው፤ ያን ጊዜ የተሰበሰበው ተጠብቆ ቢቈይ፣ ጐተራው በሚጐድልበት በክረምት ወራት ለነዳያን ይደርሳል። ነጋዴው በብር፣ ገበሬውም ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ጥቂት ኪሎ ቡና ቃል ሊገባ ይችላል፤ በውጭ አገር ያለው ዘመድም በስልክ ቃሉን ይስጥ። ገንዘቡን ግን ለአንድ ሰው እጅ መተው አያሻም፤ የእድሮች ዳኞችና ገንዘብ ያዦች ይቍጠሩት፣ የገባውና የወጣው በሶንጎው፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ደጅ ለሕዝብ ይነበብ። በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መድኃኒት መግዣ አጥቶ የተኛ በሽተኛና በ2010ሩ መፈናቀል ትምህርቱ የተስተጓጐለበት ልጅ ቢቀድሙ እኔ እወዳለሁ፤ ውሳኔው ግን የሕዝቡ ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጌዴኦም በሚገኝበት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጎፋ ዞን የመሬት መንሸራተት ቤቶችን በቀበረ ጊዜ፣ ጭቃውን በእጃቸው ቈፍረው ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ከየመንደሩ ከሮጡት ሰዎች ብዙዎቹ ዳግመኛ በወረደው ናዳ ተቀብረው ቀሩ። ያለ ጥሪና ያለ ሽልማት ለሰው የሚሮጥ ሕዝብ እንዳለን ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልሻም፤ የሚያስፈልገው ይህ ብርታት አደጋው ከመድረሱ በፊት እንዲዘጋጅ ሥርዓት ማበጀት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በጌዴኦና በጉጂ ሽማግሌዎች ዘንድ ደም ያፈሰሱትን የሚያስታርቅ ጎንዶሮ የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አለ፤ በሁለቱ ሕዝቦች መካከልም በጋብቻ የተሳሰሩ፣ እናታቸው ከአንዱ አባታቸው ከሌላው የሆኑ ልጆች አሉ። በዲላ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲና የዞኑ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ይህን ሩጫ ለማሰናዳት ቢነሡ፣ የመጀመሪያውን የምዝገባ መስመር ለእነዚህ ቤተሰቦች እንዲሰጡ፣ በሁለተኛውም ዓመት መነሻው ይርጋ ጨፌ ሆኖ ጐዳናው ወደ ሐገረ ማርያም አቅጣጫ ወደ ጉጂ ምድር እንዲዘልቅ፣ የሚሰበሰበውም ገንዘብ በሁለቱም ወገን ላሉ ተጐጂዎች እኩል እንዲከፈል አሳስባለሁ።