ገመዱ ለፎቶ አልተዘረጋም

ኮሎምቢያ ውስጥ ካሪቢያን ባሕር ዳር ያለችውን ላ ጓኺራን በቲክቶክ አይታችኋት ይሆናል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን ነው፤ ከሪዮሃቻ ተነስቶ፣ ካቦ ዴ ላ ቬላ አድሮ፣ የደቡብ አሜሪካ ምድር ሰሜናዊ ጫፍ እስከሆነችው ፑንታ ጋዪናስ ድረስ። በረሃውና ባሕሩ ሲገናኙ የእውነት ልብ ይሰርቃሉ።

መንገዱ ላይ ግን የዋዩ ብሔረሰብ ሕፃናት ገመድ ዘርግተው መኪና ያስቆማሉ። ውሃ ወይም የሚበላ ነገር ይጠይቃሉ። ቱሪስቱ ከረሜላ ይሰጣል፣ ገመዱ ይወርዳል፣ ቪዲዮው ይለጠፋል።

ለእኔ ይሄ ደግነት አይደለም። የኮሎምቢያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የዋዩ ሕፃናት የውሃ፣ የምግብና የጤና መብት በሰፊው መጣሱን ወስኗል። የመንግሥትን ዕዳ ከረሜላ አይከፍለውም።

ታዲያ አንሂድ? እንሂድ እንጂ! ግን ዋዩዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ማረፊያ እንደር። ሴቶቹ በእጃቸው የሚሠሩትን ሞቺላ ቦርሳ ያለ ክርክር እንግዛ። ውሃ ለጠየቀ ልጅ ውሃ እንስጥ፤ ስልኩ ግን ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ገመዱን የያዘችው ታናሽ እህታችሁ ብትሆን፣ ላይክ ትሰበስቡባት ነበር?