የቤት አያያዝ ምክር፤ ከባድ ዕቃ በአሳንሰር ሲወጣ



ቀድሞ ጎረቤት ቤት ሲቀይር ዕቃውን የሚያሻግሩለት የሠፈሩ ጎበዛዝት ነበሩ። ዛሬ ብዙ ምእመናን በፎቅ ቤት ይኖራሉ። ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ባለ 4 ፎቆቹ በአብዛኛው በደረጃ ብቻ የሚወጡ ሲሆኑ፥ በ2009 ዓ.ም. በሰንጋ ተራና በክራውን ለነዋሪዎች እንደ ተላለፉት ያሉ የ40/60 ረዣዥም ሕንፃዎች ግን አሳንሰር ወይም ሊፍት አላቸው። ስለዚህ ማቀዝቀዣንና የልብስ ማጠቢያን በአሳንሰር ስለ ማውጣት ጥቂት ልንመክር ወደድን።

ለዚህ ያነሣሣን በአንድ ሕንፃ ያየነው ነገር ነው። አዲስ የገቡ ቤተ ሰቦች ቅዳሜ ትልቅ ማቀዝቀዣ አምጥተው፥ የአሳንሰሩ በር ቢጠባቸው በትከሻ ገፉት። በሩ ከሐዲዱ ወጣ፤ አሳንሰሩም ቆመ። በ9ኛው ፎቅ የሚኖሩ፥ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት በማግሥቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ከደረጃው አፍ ተመለሱ። ሦስት እሑድ እንዲሁ ያለ ቅዳሴ አለፈባቸው። ክፋት ያሰበ ማንም አልነበረም፤ እርሳቸውን ያሰበም ግን አልነበረም።

እንግዲህ አስቀድሞ መለካት ይገባል። 8 ሰው ወይም 630 ኪሎ የሚይዝ አሳንሰር የበሩ ስፋት ብዙ ጊዜ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሮቹ ጎን ለጎን የሆኑ ማቀዝቀዣ ግን 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት በሩና ውስጡ በሜትር ይለካ። የማይገባ ከሆነ በደረጃ ይውጣ፤ ለጫኝና አውራጆችም እንደ ድካማቸው ይከፈል።

ሁለተኛ፥ የክብደቱ ልክ በአሳንሰሩ ውስጥ ተጽፏል። ከልክ ሲያልፍ ደወል ያሰማል፤ አይነሣምም። ያን ጊዜ ጭነቱን መቀነስ እንጂ በሩን በእጅ ማስገደድ ወይም በካርቶን ማገድ አይገባም። የሕንፃው ኮሚቴና ጥበቃው አስቀድመው ይወቁት፤ ሰዓቱም የቅዳሴ ጠዋት ወይም የለቅሶ ቀን አይሁን።

ሦስተኛ፥ ማቀዝቀዣው ባዶ ይሁን፤ በረዶው ይቅለጥ፤ በሩ ይታሰር፤ ቆሞም ይጓዝ። በጎኑ ቢተኛ የሞተሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ይፈሳልና፥ አቁመውት ብዙ ሰዓት ሳይቆይ ሶኬት አይሰካ። ከልብስ ማጠቢያውም ውኃው ይፍሰስ፤ በፊት ለፊት የሚከፈት ከሆነ ከፋብሪካ ሲመጣ ከበሮውን ያሰሩት ብሎኖች ይመለሱ።

አራተኛ፥ ሕፃናት ከዕቃው ጋር አይግቡ። መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ቢቆም የደወሉን ቁልፍ ተጭኖ በትዕግሥት መጠበቅ ነው፤ በሩን ፈልቅቆ መውጣት ለሞት ያደርሳል።

በዐቢይ ጾም 4ኛው እሑድ የምናስበው መፃጉዕ 38 ዓመት በደዌ ሲኖር ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነበር። በየሕንፃችን እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ያች እናት ግን ሰው አገኙ። በአራተኛው እሑድ ማቀዝቀዣውን የገፉት ወጣቶች ራሳቸው መጥተው ይቅርታ ጠየቁ፤ በወንበር ተሸክመውም አወረዷቸው። እኛም ዕቃችንን ከማውጣታችን በፊት የእንዲህ ያለውን ጎረቤት በር እናንኳኳ።

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ።