ያረጀ ድምፅ ማጉያ ስለሚያሰማው ክፉ ድምፅ

ከጐንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት። ሸክላ ገዢ ዐዋቂ የኾነ እንደ ኾነ ገንቦውን አንሥቶ በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል። ድምፁ ጥርት ያለ እንደ ኾነ ዕቃው ደኅና ነው፤ የታፈነ እንደ ኾነ ግን ለዓይን ያልታየ ስንጥቅ ይኖርበታል። ኤሌክትሮስታቲክ የተባለው ድምፅ ማጉያም ሲያረጅ ሕመሙ የሚታወቀው እንዲሁ በጆሮ ነው። ይህ ዕቃ በቤታቸው ያለ ክቡራን አንባቢዎቻችን ድምፁን ለይተው ቢያውቁ ከከንቱ ወጪ ይድናሉ፤ ከአደጋም ይጠበቃሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውፍረቱ የሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ የሚያኽል ስስ ፕላስቲክ ቀዳዳ በበዛባቸው በሁለት ገበታዎች መካከል ተወጥሮ በብዙ ሺህ ቮልት ይሞላል። የዘፈኑ ኤሌክትሪክ ወደ ገበታዎቹ በደረሰ ጊዜ አንዱ ሲስበው ሌላው እየገፋው አየሩን ያንቀሳቅሳል። ፒተር ዎከር የተባለው እንግሊዛዊ በሃንቲንግደን ሠርቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ለገበያ ያቀረበው ኳድ፤ ለወፍራሙ ድምፅ 6000፤ ለቀጭኑ 1500 ቮልት ያስፈልገዋል። 6000 ቮልት ከግድግዳችን ከምናገኘው ከ220 ቮልት ከ27 እጥፍ በላይ ነው። ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪኩ በውስጡ ተጠራቅሞ ስለሚቈይ፤ ያልተማረ ሰው ከቶ ሊከፍተው አይገባም። ሕፃናትም በቀዳዳው ሽቦ እንዳይሰዱ መከልከል የእናትና የአባት ፈንታ ነው።

አስቀድሞ ጥፋቱ የማን እንደ ኾነ መለየት ያሻል። አምፕሊፋየሩን አጥፍተው የቀኙንና የግራውን ሽቦ ያለዋውጡ። ክፉው ድምፅ ከሽቦው ጋራ ወደ ሌላው ድምፅ ማጉያ የተሻገረ እንደ ኾነ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ወይም ከእርሱ በፊት ያለው ዕቃ ነው፤ በቦታው የቀረ እንደ ኾነ ግን የድምፅ ማጉያው ነው። በዚህ ቀላል ፈተና ብቻ ደኅናውን ዕቃ ከማስፈታት የሚድን ሰው ብዙ ነው።

እንደ ንብ ቀፎ ሳያቋርጥ እምም የሚለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከመብራቱ ኃይል የሚመጣ ነው፤ የዘፈኑ ሽቦ ከመብራቱ ሽቦ ጋራ ተጠግቶ እንዳይኾን መመልከት ነው። በወፍራም ድምፅ ጊዜ ብቻ የሚንዘረዘር እንደ ኾነ ደግሞ ብሎን ላልቷል፤ ወይም አቧራ የሚከለክለው ስስ ሽፋን ተቀዷል። በበገና ይህ ነዘር ነዘር የሚለው ድምፅ በጅማቱና በመቆሚያው መካከል በሚገባው ቍራጭ ቆዳ ታስቦ የሚደረግ ጌጥ ነው፤ በድምፅ ማጉያ ግን ዜማውን ያበላሻል።

በምጣድ ላይ እንዳለ ቅቤ ቸስ የሚለው ድምፅ ከአቧራና ከእርጥበት የተነሣ ኤሌክትሪኩ ቀስ እያለ የሚያመልጥበት ምልክት ነው። የተሞላው ፕላስቲክ አቧራን ወደ ራሱ ይስባል፤ የቡናና የዕጣን ጢስም እንደ ሙጫ ኾኖ አቧራውን ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የክረምቱ ርጥበት ሲገባበት መንገድ ይኾንለታል። እመቤቶች ሆይ፤ ቡናው ይፈላ፤ ነገር ግን ድምፅ ማጉያው ካለበት ክፍል ራቅ ብሎ ቢኾን መልካም ነው። ብዙ ወራት ሳይሠራ የቈየ እንደ ኾነ በደረቅ ክፍል ያለ ዘፈን አንድ ቀን ተሰክቶ ቢቈይ ቸስታው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ለመጥረግ የሚፈልግ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ ያሳድረው፤ በማግሥቱም በአቧራ መሳቢያ መኪና ከውጭ ብቻ በቀስታ ያጽዳው። ውሃና አልኮል አይንካው።

እጅግ የሚያስፈራው ግን ዘፈኑ ከፍ ባለ ጊዜ ጣ ጣ የሚለውና በጨለማ ብልጭ ሲል የሚታየው ነው። ይህ ኤሌክትሪኩ አየሩን ጥሶ ሲዘል ፕላስቲኩን የሚበሳበት ነው፤ በዚያው ደቂቃ ዘፈኑን ማቆም ይገባል። የደጋ ሰው ይህን በተለይ ይስማ። ጐንደርና አካባቢዋ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለ ኾኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራቱ እጅ ሦስቱን ያኽል ነው። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክ ያንኑ ክፍተት በጥቂት ቮልት ይዘለዋል። እንግዲህ በለንደን ጸጥ ብሎ ይሠራ የነበረው ድምፅ ማጉያ በወለቃ ቢፈነጥቅ ሻጩን ማማት አይገባም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስማት ነው እንጂ።

ወደ ሠራተኛ ሲላክ ድምፁ ምን ዐይነት እንደ ኾነ፤ በክረምት ወይስ በበጋ፤ በዝግታው ወይስ በጩኸቱ ጊዜ እንደሚሰማ በወረቀት ተጽፎ ይላክ። ድምፁ እየደከመ የሄደ እንደ ኾነ ከፍተኛውን ቮልት የሚሰጠው ክፍል ሊኾን ይችላል፤ እርሱን መለወጥ ፕላስቲኩን ከነገበታው ከመለወጥ የረከሰ ስለ ኾነ አስቀድሞ እንዲለካ ይዘዙ።