የሺህ ፈረስ ጉልበት በላስታ ዳገት

ስለ ፈጣን የስፖርት መኪኖች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ወይ አድናቆት ነው፣ ወይ ተግሣጽ። አድናቂው የፈረስ ጉልበቱን፣ የፍጥነቱን ጣሪያና የቅርጹን ውበት ይቆጥራል፤ ገሣጩ ደግሞ ዋጋውን፣ የሚፈጀውን ነዳጅና የሚያስከትለውን አደጋ ይዘረዝራል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ወገን በሳይንስ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ እንሞክራለን። ለሚዛኑ የመረጥነው ስፍራ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚያመራው መንገድ ላይ የምትገኘው ብልባላና በዙሪያዋ ያለው የላስታ ደጋ ነው። አንድ መኪና «ከፍተኛ ብቃት አለው» ሲባል በየትኛው መንገድ ላይና ለየትኛው ሥራ እንደሆነ የሚጠየቀው ጥያቄ ከዚያ ሆነው ሲያዩት ጥርት ብሎ ይታያልና።

በመጀመሪያ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «የስፖርት መኪና ብልባላ ምን ሊሠራ ይመጣል?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ መኪናው አይመጣም። የመኪናው መለኪያ ግን ከመጣ ቆይቷል። «ስንት ፈረስ አለው? በስንት ይሮጣል?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ ሚኒባስ በሚገዛውም፣ በአይሱዙ ዕቃና ሰው በሚያመላልሰውም አፍ ውስጥ ይገኛል። ቀድሞ የደረሰ ሹፌር ይወደሳል፤ ቁልቁለቱን በዝግታ የወረደው ግን ስሙ አይነሣም። ስለዚህ ክርክራችን ከአንድ ባለጠጋ መኪና ጋር ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም በየዕለቱ ከምንሳፈርባቸው መኪኖች ጋር ጭምር ነው።

ለመመዘን የመረጥነው መኪና

በ2005 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውን ቡጋቲ ቬይሮን እንውሰድ። ሞተሩ 8 ሊትር፣ ሲሊንደሮቹ 16፣ ተርቦቻርጀሮቹ 4፣ ጉልበቱ 1001 የፈረስ ጉልበት ነው። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 2.5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ የፍጥነቱ ጣሪያም በሰዓት 407 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ 450 ብቻ ተሠርተው ምርቱ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ክብረ ወሰኑን የሰበሩ መኪኖች ቢመጡም፣ ለአስተማሪነቱ ግን አሁንም ይህንን የሚስተካከል ጥቂት ነው።

ብርታቱ የማይካድ ነው። ከሺህ ፈረስ በላይ የሚያወጣ ሞተር ቢያንስ ያንኑ ያህል ሙቀት ያመነጫልና፣ መሐንዲሶቹ ሙቀቱን ለማስወገድ 10 ራዲያተር ገጠሙለት። አራቱም ጎማዎች ይሽከረከራሉ። ፍሬኑ ሙቀት ከሚችል የካርቦንና የሴራሚክ ውህድ የተሠራ ነው። ይህ ሁሉ የቁሳቁስ ሳይንስ፣ የሙቀት ጥናትና የአየር ፍሰት ጥናት በአንድ አካል ላይ የተገናኙበት ሥራ በመሆኑ፣ የሳይንስ ተማሪ ሊንቀው አይገባም።

ጉድለቱም ከዚያው ከብርታቱ ይመነጫል። አየር አንድን አካል የሚቃወምበት ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ያድጋል፤ ያንን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የመጨረሻዋን ትንሽ ፍጥነት ለማግኘት የሚከፈለው ዋጋ እጅግ የከበደው ስለዚህ ነው። ቬይሮን በፍጥነቱ ጣሪያ ላይ ቢነዳ 100 ሊትር የሚይዘው ታንከር በ12 ደቂቃ ገደማ ይደርቃል። ከመሬት ያለው ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በላስታ መንገዶች ላይ የምናየው ላንድክሩዘር ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ አለው። አንድ መካከለኛ ድንጋይ የሺህ ፈረሱን ጌታ ሊያቆመው ይችላል ማለት ነው።

ቀጭን አየር

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 78 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሞተር ቤንዚንን ብቻውን አያቃጥልም፤ ኦክስጅን ይሻል። አየሩ ሲሳሳ በየሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ በመሆኑም ተርቦቻርጀር የሌለው ባለ 100 የፈረስ ጉልበት ሞተር እዚህ ሲደርስ ከ80 በታች ይቀርለታል። ገዢው የከፈለው ለመቶ ፈረስ ነው፤ ከሃያ የሚበልጡትን ግን ዳገቱ አስቀርቷቸዋል።

መድኃኒቱ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየሩን አምቆ የሚያስገባው ተርቦቻርጀር ነው። የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1918 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ 4302 ሜትር ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ አወጣ። ታች 350 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጥ የነበረው ሞተር ከተራራው ጫፍ ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ተርቦቻርጀሩ ሲገጠምለት ግን የቀድሞ ጉልበቱን መልሶ አገኘ። ያ ተራራ በቁመቱ ከእኛው አቡነ ዮሴፍ ጋር የሚቀራረብ ነው። ዛሬ የስፖርት መኪና የሚኮራበት መሣሪያ ስሙን ያተረፈው በተራራ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በላስታ ለሚሠራ የጭነት መኪና ተርቦቻርጀር ጌጥ ያልሆነውም ለዚህ ነው።

ከፍታው ሌላም ነገር ይለውጣል። በደጋ ንፍሮ ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ከማንም በፊት ያውቁታል፤ በ2500 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ነው። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃም ይኸው ሕግ ይገዛዋል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ የመፍያውን ነጥብ ከፍ የሚያደርግ ክፍል ነው። ስለዚህ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈ ራዲያተር በቆላ ከሚፈላው ቀድሞ በደጋ ይፈላል።

ኩርባው ፈረስ አይቆጥርም

ወደ መንገዱ እንመለስ። አንድ መኪና ኩርባን ሳይንሸራተት ሊዞርበት የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ በኩርባው ስፋትና ጎማው መሬቱን በሚይዝበት መጠን። የሞተሩ ጉልበት በስሌቱ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። የመዞሪያ ራዲየሱ 20 ሜትር የሆነ የተራራ ኩርባ እናስብ። ደህና ጎማ ያለው ተራ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊዞረው ይችላል። ምርጥ ጎማ የተገጠመለት የስፖርት መኪና 50 ቢደርስ ነው። መንገዱ ኮሮኮንች ከሆነ ተራው መኪና ወደ 32 ይወርዳል፤ የስፖርት መኪናውም ጎማ በላላ ጠጠር ላይ ብልጫውን ያጣል። ከሺህ ፈረስ ያገኘነው ትርፍ በአስፋልት ላይ 8 ኪሎ ሜትር፣ በጠጠር ላይ ደግሞ ከምንም የማይቆጠር ሆነ። ያቺም ስምንት የመጣችው ከሞተሩ ሳይሆን ከጎማው ነው።

የቁልቁለቱ ሒሳብ

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን መውረዱ ነው። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ወደ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህንን ከፍታ ሲወርድ 7.3 ሚሊዮን ጁል የሚሆን ኃይል አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ይህ ምን ያህል ነው? ያው መኪና በሰዓት 356 ኪሎ ሜትር ሲበርር ቆይቶ በፍሬን ቢቆም የሚያስወግደው ኃይል ያህል ነው። ክብደቱ ቢለወጥ እንኳ ይህ ፍጥነት አይለወጥም፤ ለሚኒባሱም ለአውቶቡሱም እኩል ነው። እንግዲህ ከላሊበላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወርድ ማንኛውም መኪና፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየተጓዘም ቢሆን፣ ወደ ቬይሮን ጣሪያ የሚጠጋ የፍጥነት ዕዳ ተሸክሟል።

ዕዳውን የሚከፍሉት የአየርና የጎማ ተቃውሞ፣ የሞተሩ መጎተትና ፍሬኑ ናቸው። 7 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ማርሹን አውጥቶ በፎሌ ቢወርድ፣ ሞተሩ ከከፋዮቹ መካከል ይወጣል፤ ሸክሙም አብዛኛው በፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል። ጠቅላላ ኃይሉ ከ34 ሚሊዮን ጁል በላይ ሲሆን፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከአምስት በላይ የሚሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሸራው እጅግ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ የፍሬን ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ካለም ይፈላና ፔዳሉ ያለ ውጤት ወደ ታች ይሰምጣል። «ፍሬን እምቢ አለው» የምንለው አደጋ ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ዕጣ ተደርጎ ይነገራል፤ በእኛ አስተያየት ግን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሊሰላ የሚችል ውጤት ነው። በፎሌ የሚቆጠበው ጥቂት ነዳጅ የሰው ሕይወት ሊገዛበት አይገባም።

የስፖርት መኪና እውነተኛ ስጦታ የሚታየን እዚህ ላይ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ጃጓር የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ሲያሸንፍ ከረዱት ነገሮች አንዱ የዲስክ ፍሬን ነበር። ሙቀቱን ለአየር አጋልጦ ቶሎ ስለሚያስወግድ ከከበሮው ፍሬን ይልቅ ድካምን ይቋቋማል። ያ መሣሪያ ዛሬ በተራ መኪኖች ሁሉ ላይ ይገኛል። የውድድር ሜዳው ለዓለም ያበረከተው ትልቁ ነገር የመሮጥ ሳይሆን የመቆም ችሎታ ነው ብንል አናጋንንም።

አየር የማይሻው ሞተር

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ይህ ለደጋው ሰው የተለየ ትርጉም አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር ኦክስጅን ስለማይሻ ከፍታ ጉልበቱን አይሰርቀውም። በ2018 እ.ኤ.አ. በዚያው በፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ 680 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና ሽቅቡን በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ጨረሰ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. 875 የፈረስ ጉልበት የነበረው ባለ ቤንዚን ፔጆ ካስመዘገበው ክብረ ወሰን በ16 ሰከንድ ቀደመ። በሁለቱ መካከል የቅርጽም ልዩነት ስላለ ሁሉንም ለሞተሩ ዓይነት አንሰጥም፤ የቀጭኑ አየር ድርሻ ግን ግልጽ ነው።

ከዚህም የሚበልጠው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ የዳገቱን ዋጋ በከፊል ወደ ባትሪው መመለሱ ነው፤ ፍሬኑም ያርፋል። በአንጻሩ ባትሪው ከባድ ነው፤ በጠጠር መንገድ ላይ ከሥር መመታት አይወድም፤ ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከተራራ ጫፍ የተነሣ መኪናም የሚወርደውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ስፍራ የለውም። ከዋና ዋና ከተሞች ውጭም የባትሪ መሙያ ጣቢያ ገና ብርቅ ነው።

ሚዛኑ ወዴት አዘነበለ?

እንግዲህ ፍርዳችንን እንስጥ። የስፖርት መኪና እንደ ቤተ ሙከራ ሲታይ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ እንደ ምኞት ሲታይ ግን ለአገራችን መንገድ የተሳሳተ መለኪያ ይዞ ይመጣል። ከእርሱ ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ የማቀዝቀዝ ጥበቡንና ተርቦቻርጀሩን እንውሰድ፤ የፍጥነት ጣሪያውን ለሜዳው እንተውለት።

ይህንን ስንል ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ የቆመ መኪና ቀዝቃዛ ፍሬን በመሞከር ብቻ እንዳይወሰን፣ በረጅም ቁልቁለት ላይ ለሚሠሩ መኪኖች የጋለ ፍሬንም ይፈተሽ። ሁለተኛ፣ በረጃጅም ቁልቁለቶች አናት ላይ «በከባድ ማርሽ ውረድ» የሚል ምልክትና፣ ፍሬን ለከዳው መኪና መሸሻ የሚሆን የአሸዋ መውጫ ይዘጋጅ። ሦስተኛው ጥሪያችን ለራሳችን ነው። በእጅ በሚያዝ ሙቀት መለኪያ የየመኪናውን የፍሬን ሙቀት ከቁልቁለት ግርጌ መለካትና መመዝገብ ለፊዚክስና ለምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሊሆን የሚችል፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥናት ነው።

ከብልባላ ምጥ የያዛት እናት ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ፣ የተሳፈረችበት መኪና በሰዓት 407 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ዳገቱን ይወጣል ወይ፣ ኩርባውን ይዞራል ወይ፣ ቁልቁለቱ ላይ ይቆማል ወይ የሚለው ነው። ለላስታ ከፍተኛ ብቃት ያለው መኪና ለእነዚህ ለሦስቱ ጥያቄዎች «አዎን» ብሎ የሚመልስ ነው እንላለን።