«በመዶሻ ይገባል» አንበል!

የአንድ መምህራችን ቮልስ የፊት ፓራፋንጎ በዝገት ቢበላ፣ ከጊንጪ ተነስተን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄድን። ቀለሙ አማረንና ሳናመሳክር ገዝተን መጣን።

ለካስ ቮልስ ሁሉ አንድ አይደለም! ከእ.ኤ.አ. 1968 ሞዴል ወዲህ የአብዛኛው የፊት መብራት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ የቀድሞው ግን ወደ ኋላ የጋደለ። የፓራውልቱም ቀዳዳ ይለያያል።

ባትላሜራው፣ «በመዶሻ ይገባል፤ የቀረውን ስቱኮ ይሞላዋል» አለን። እኛ እምቢ አልን። ፓራፋንጎው የሚታሰረው በቡሎን ነው፤ ልኩ ከሆነ ሳይደበደብ ይገባል።

እንግዲህ ዘመኑን ከሊብሬው እንይ፣ አሮጌውን ይዘን እንሂድ፣ ሳይቀባ ገጥመን እንሞክር። ስቱኮ ጉድለትን ይሸፍናል እንጂ አያርምም። ነገ ክፍል ስንገባም፣ ተማሪውን ሳናውቅ በመዶሻ ለማስገባት አንነሳ!