ማን አገባ?

አንባቢ ሆይ፣ ደመወዝህ አልቆ እሑድ ስታዲየም መግባት ያቃተህ እንደ ሆነ፣ ሰኞ ጋዜጣ ገዝተህ የግጥሚያውን ወሬ ታነባለህ። ጽሑፉም እንዲህ ይልሃል እንበል፦

«ያ ዝነኛ ቡድን ያንን የማይበገር ቡድን ገጥሞት፣ አንበሶቹ ነብሮቹን ሲያርበደብዱአቸው ከዋሉ በኋላ፣ አቀበለውና ሳይውል ሳያድር ቢመልስለት አገባበት።»

ማን አቀበለ? ለማን? ማንስ በማን ላይ አገባ? አማርኛችን ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ሸሽጎ መሄድ ስለሚችል፣ ጸሐፊው አንድም ስም ሳይጠራ 22 ተጫዋች ያራውጣል። አያትህ አጠገብህ ተቀምጠው ቢሰሙ «እሰይ! የማንን ልጅ አገባ?» ብለው ይጠይቁሃል፤ አንተም የምትመልሰው የለህም። በመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ ላይ «የሚመለከተው ክፍል» እየተባለ የሚጠራው፣ አንድም ቀን በወንበሩ ላይ ተገኝቶ የማያውቀው ሰው፣ የዚህ አግቢ የሥጋ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

ማታ ሁለት ጓደኞችህ በውጤቱ ተከራክረው ቢወራረዱ ደግሞ፣ ሁለቱም ለማስረጃ ከኪሳቸው የሚያወጡት ያንኑ ጋዜጣ ነው።

እስቲ ሮማን አስብ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ የኦሊምፒክን ማራቶን አሸነፈ። ሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም የደረሰው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነበር። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ 25 ሰከንድ! ልብ የሚያቆመው ይህ ቍጥር ነው። ያ ጸሐፊያችን ቢሆን ኖሮ ግን «ነፋስን ቀደመ» ብሎ ይገላገል ነበር። ነፋስ በዚያ ማታ በስንት ሰዓት እንደ ገባ የመዘገበ ዳኛ የለም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.ም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ፣ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ከነበረችው ከግብጽ ጋራ ለአፍሪካ ዋንጫ ስትጋጠም፣ 90 ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀ፤ በተጨማሪው 30 ደቂቃ ኢትዮጵያ ሁለት ጎል ጨምራ 4 ለ 2 አሸነፈች። የመጨረሻዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው።

ይኸው፣ ያን ቀን ያልተወለደ ሰው እንኳ ዋንጫው የት እንደ ቀረ ዐወቀ። ከዚህ በኋላ በገጹ ላይ ስፍራ የተረፈ እንደ ሆነ፣ አንበሶቹና ነብሮቹም ይግቡ፤ ያውም ትኬት ቆርጠው።