«ባክአፕ አለን» መልስ አይሆንም

«ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ባለጉዳይ በዚህ አገር አይገኝም። ለጥቂት ሰዓት ከሆነ ነገ እንመጣለን። የሚያስፈራው ሲስተሙ ተመልሶ መረጃችን ሳይመለስ የቀረ ዕለት ነው። ይህን ስናነሳ የሚሰጠን መልስ «አትስጉ፣ ባክአፕ አለን» የሚል ነው። ባዶ አዲስ ሰርቨር ላይ ተጭኖ ያልተሞከረ ባክአፕ ግን ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይደለም።

ማጋነን የመሰለው ሰው ጊትላብን ይመልከት። ጊትላብ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ኩባንያ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ ባለሙያ ተሳስቶ 300 ጊጋባይት ገደማ የሚሆነውን ዋና ዳታቤዝ ሰረዘ። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ ሲፈለግ ማከማቻው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ቨርዥኑ ከዳታቤዙ ጋር ስላልገጠመ ሥራውን አልሠራም፤ ብልሽቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ለማንም አልደረሰም። ያተረፋቸው አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ መረጃ ግን ጠፍቶ ቀረ።

ደቡብ ኮሪያም አለች። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ዴጆን ከተማ የሚገኘው የመንግሥት ዳታ ማዕከል ሲቃጠል፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት ማከማቻ ወደመ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም።

እኛ ጋ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። አዲሱ ዳታቤዝ የግዕዝ ፊደል እንዲቀበል ካልተስተካከለ የሰው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ስካን የተደረጉ ሰነዶች ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ከዳታቤዙ ውጪ ስለሆነ፣ ዳታቤዙን ብቻ የገለበጠ ሰው እነሱን አላተረፈም። ምስጢራዊ መረጃ የተቆለፈበት ቁልፍ እዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ ከነበረም አብሮ ይቀበራል። ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው ሲሞከር ብቻ ነው።

«በጀት የለም» ይሉናል። ለሲስተሙ ምረቃ ድግስ በጀት ከተገኘ፣ በሦስት ወር አንዴ ለአንድ ቀን ሙከራ የሚሆን ሰርቨር አይጠፋም። መረጃ ሲጠፋ ዋጋውን የሚከፍለው ባለጉዳዩ ነው። «ፋይልዎ አልተገኘም፣ ማስረጃ ያምጡ» የሚባለው እሱ ነው። የይዞታ ካርታው፣ የከፈለው ግብር፣ የጡረታ ዓመታቱ በአንድ ሌሊት የእሱ የማስረዳት ዕዳ ይሆናሉ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ጥያቄያችንን ዛሬ እንቀይር። «ባክአፕ አላችሁ ወይ?» ማለት ይብቃን። አዲስ ሰርቨር ላይ መልሳችሁ የሞከራችሁት መቼ ነው? ስንት ሰዓት ፈጀ? የስንት ሰዓት መረጃ ጎደለ? ሲስተሙን የሠራው ሰው ባይኖር ሌላ ሰው መመለስ ይችላል? የሞከረበትን ቀን መናገር ያልቻለ ተቋም ባክአፕ እንደሌለው ቆጥረን እንጠይቀው።